«ሁሉም ያው ናቸው» ላሉት ጸሐፊ

ሰሞኑን እዚህ ሜሪላንድ ያለን ሐበሾች አንድ ጽሑፍ ስንቀባበል ሰንብተናል። ለእኔ ብቻ አራት ሰው ልኮልኛል። አንዷ ታላቅ እህቴ ናት። «ይሄን ሳታነቢ ነው ልጅቷን እዚያ የላክሻት?» የምትል መስመር ጨምራበታለች።

ጽሑፉ በግዛታችን ስላሉት ትናንሽ የሊበራል አርትስ ኮሌጆች ነው፤ አንድ ሙያ ብቻ ሳይሆን ሰፋ ያለ ትምህርት ስለሚሰጡት። ጭብጡ ባጭሩ ይሄ ነው። ሊበራል አርትስ የሀብታም ልጅ ጨዋታ ነው። ኮሌጆቹ ሁሉም ያው ናቸው፤ የግድ ከሆነ ትልቁን ስኮላርሺፕ የሰጠውን ያዙ። ሐኪም ወይም ኢንጂነር መሆን የሚፈልግ ልጅ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ይግባ። ትናንሾቹ ነገ ይዘጋሉ። ልጆቻችንም እዚያ ሐበሻ አጥተው ይጠፋሉ።

ጸሐፊውን አላውቃቸውም። በቅን ልብ እንደጻፉ ግን ያስታውቃል። ልክ የሆኑበት ቦታም አለ፤ ስደርስበት እናገራለሁ። እኔ ልጄን ከእነዚህ ኮሌጆች ወደ አንዱ ልኬያለሁ። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ ማስታወቂያ እንዲመስልብኝ አልፈልግም። ገለልተኛ ነኝም አልልም። ግን አንድ ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ሳነብና ካምፓስ ስዞር ከርሜያለሁ።

ከስሙ ልጀምር። ጸሐፊው ሊበራል አርትስ ማለት ሥዕል፣ ዘፈንና ግጥም ነው ይላሉ። አልፈርድባቸውም። የእኔው ባለቤት «ሊበራል» የሚለውን ሲሰማ የዴሞክራቶች ኮሌጅ መስሎት ነበር። ስሙ ጥንታዊ ነው። ከሰባቱ የድሮ «አርትስ» መካከል አራቱ ሒሳብ፣ ጂኦሜትሪ፣ የከዋክብት ጥናትና ዜማ ነበሩ። ዛሬም ሴንት ሜሪስ ኮሌጅ የሄደ ልጅ ባዮኬሚስትሪ፣ ኒውሮሳይንስ ወይም የባሕር ሳይንስ መማር ይችላል። ይሄ ነጥብ ከዚህ በላይ ጊዜ አይፈጅብን።

ትልቁ ጉዳይ «ሁሉም ያው ናቸው» የሚለው ነው። ጸሐፊው ኮሌጆቹን እንደ ነዳጅ ማደያ ነው ያዩዋቸው። ቤንዚኑ አንድ ነው፤ ዋጋውን አይተህ ወደ ረከሰው ታጠፍ። እስቲ አብረን እንዙራቸው።

አናፖሊስ ያለው ሴንት ጆንስ መነሻው በ1696 የተከፈተ ትምህርት ቤት ነው። ከ1937 ጀምሮ ደግሞ የራሱን መንገድ ይዟል። ሜጀር (ተማሪው የሚመርጠው ዋና የትምህርት ዘርፍ) የሚባል ነገር የለም። ሁሉም ተማሪ አንድ ዓይነት ትምህርት ይማራል። ከሆሜርና ከፕላቶ ተነስቶ ያነባል፣ ጠረጴዛ ከብቦ ይከራከራል። ጥንታዊ ግሪክኛ አለ፣ ፈረንሳይኛ አለ። የጂኦሜትሪውን ማረጋገጫ ተማሪው ራሱ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ ያስረዳል። አስተማሪው ፕሮፌሰር አይባልም፤ «ቲውተር» ነው የሚባለው። አባቴ በልጅነታቸው ቅኔ ቤት የተማሩ ሰው ናቸው። ስለዚህ ኮሌጅ ስነግራቸው «ታዲያ ይሄ እኛ የተማርንበት አይደል እንዴ?» አሉኝ። ተማሪው ቆሞ ያቀርባል፣ መምህሩ ያርመዋል፣ ጓደኛው ይሰማል። ለአንዳንድ ልጅ ገነት ነው። ለእኔ ልጅ ግን አይሆንም ነበር፤ ሁለት ሰዓት ተቀምጣ መከራከር አትወድም።

ከዚያ ወደ ደቡብ ውረዱ። ሴንት ሜሪስ ኮሌጅ ኦፍ ሜሪላንድ በ1634 የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ከተማ በቆረቆሩበት ቦታ፣ ወንዝ ዳር ነው ያለው። የተማሪው ቁጥር ከ1,600 ብዙ አይርቅም። ጸሐፊው ከግል ኮሌጆች ጋር ደባልቀውታል። ይሄኛው የመንግሥት ነው። ግዛቱ በ1992 የራሱ «ኦነርስ ኮሌጅ» (የጎበዝ ተማሪዎች ኮሌጅ) ብሎ ሰይሞታል። የሜሪላንድ ነዋሪ የሚከፍለው ዋጋና ከሌላ ግዛት የመጣው የሚከፍለው ይለያያል። ስለ ኢን-ስቴት (የራስ ግዛት) ኮሌጅ እያወሩ ይሄን መዝለል ቀላል ስሕተት አይደለም።

ቤይ ብሪጅን ተሻግራችሁ ቼስተርታውን ስትደርሱ ዋሺንግተን ኮሌጅ አለ። በ1782 ሲቋቋም ጆርጅ ዋሺንግተን 50 ጊኒ ሰጥቶ፣ ስሙንም ፈቅዶለታል። እዚያ በየዓመቱ ከተመራቂዎቹ አንዱ በሥነ ጽሑፍ ችሎታው የሶፊ ከር ሽልማትን ይወስዳል። ሽልማቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። መጻፍ የሚወድ ልጅ ያለው ወላጅ ይሄን ማወቅ የለበትም? ባልቲሞር ጥግ ታውሰን ያለው ጋውቸር ደግሞ ከ2006 ጀምሮ ተማሪው ሁሉ ውጭ አገር ሄዶ እንዲማር ግዴታ አድርጓል። ዌስትሚንስተር ያለው ማክዳንኤል ቡዳፔስት ውስጥ የራሱ ካምፓስ አለው። (ይሄ ኮሌጅ እስከ 2002 «ዌስተርን ሜሪላንድ ኮሌጅ» ነበር የሚባለው። የመንግሥት አልነበረም፣ ምዕራብ ሜሪላንድም አልነበረም። ሰው ሲምታታበት ጊዜ ስሙን ቀየሩት።) ፍሬድሪክ ያለው ሁድ ደግሞ ፎርት ዴትሪክ ከሚባለው ትልቅ የሕክምና ምርምር ማዕከል ጋር አንድ ከተማ ነው።

እንግዲህ እነዚህ «ያው» ናቸው? አንዱ ጋ ሜጀር የለም፣ ሌላው ጋ ፓስፖርት ግዴታ ነው፣ ሦስተኛው የመንግሥት ነው። አንድ የሚያደርጋቸው ትንሽነታቸው ብቻ ነው።

ወደ ገንዘቡ እንሂድ። ጸሐፊው ትልቁን ስኮላርሺፕ የሰጠውን ያዙ ይላሉ። እኔ በዚህ ምክር ልበላ ምንም አልቀረኝም ነበር።

ከአንዱ የግል ኮሌጅ የመጣልንን ደብዳቤ አልረሳውም። ከላይ በትልቁ «እንኳን ደስ አላችሁ» ይላል። ከታች «ጠቅላላ ድጋፍ» ብሎ 51 ሺህ ዶላር ጽፏል። እናቴ ቁጥሩን ስትሰማ እልል አለች። ማታ ቁጭ ብዬ መስመር በመስመር ሳነበው 5,500ው ልጄ የምትወስደው የፌዴራል ሎን ሆኖ አገኘሁት። 17 ሺሁ ደግሞ «ፓረንት ፕላስ» ይላል። ፓረንት ፕላስ እኔ፣ እናትየው፣ የምበደረው ብድር ነው። የራሴን ዕዳ ድጋፍ ብለው ሰጡኝ። ሁለቱ ብድሮች ሲወጡ እውነተኛው ስጦታ 28,500 ሆነ። የዓመቱ ጠቅላላ ወጪ 68 ሺህ ነበር። ቀሪው 39,500 ማለት ነው፤ በየዓመቱ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ይሄ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። በ2022 የኮንግረሱ የቁጥጥር መሥሪያ ቤት ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ ከመቶ 91 የሚሆኑ ኮሌጆች በድጋፍ ደብዳቤያቸው ላይ ቤተሰቡ የሚከፍለውን የተጣራ ዋጋ አያሳዩም፣ ወይም አሳንሰው ያሳያሉ። ስለዚህ «ማን ብዙ ሰጠ?» የሚለውን ጥያቄ ተዉት። ብድሩን ሁሉ ሰርዛችሁ «ስንት ቀረ?» በሉ።

አሁን ያንን ከሴንት ሜሪስ ጋር አስተያዩት። ለሜሪላንድ ነዋሪ ትምህርቱ በዓመት 15 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። መኝታና ምግብ ሲጨመርበት 30 ሺህ አካባቢ ይደርሳል። እዚህ 3 ሺህ ዶላር ብቻ የተሰጠው ልጅ፣ እዚያ 28,500 ከተሰጠው ልጅ በ12 ሺህ ገደማ ያነሰ ይከፍላል። በጸሐፊው ምክር የሄደ ቤተሰብ ግን ይሄኛውን «ስስታም» ብሎ ይተወዋል።

ሌላም አለ። የግል ኮሌጁ ስኮላርሺፕ አብዛኛውን ጊዜ ለአራት ዓመት አንድ ቁጥር ነው። ክፍያው ግን ይጨምራል። 50 ሺህ የነበረ ክፍያ በየዓመቱ በመቶ አራት ካደገ፣ በአራተኛው ዓመት 56 ሺህ አልፏል። ጭማሪው ሁሉ የእናንተ ነው። ልጁ ነጥቡ ከተወሰነ በታች ሲወርድ ስኮላርሺፑን የሚያነሱም አሉ። ስንት ነጥብ እንደሚጠይቁ ሳትጠይቁ አትፈርሙ። ፓረንት ፕላስም ቢሆን እንደ ድሮው ልቅ አይደለም። ከጁላይ 2026 ጀምሮ አዲስ ተበዳሪ ለአንድ ልጅ በዓመት ከ20 ሺህ፣ በጠቅላላው ከ65 ሺህ ዶላር በላይ አያገኝም። ጎዶሎውን በሱ እሞላለሁ ብሎ የሚያስብ ወላጅ አራተኛው ዓመት ላይ 5 ሺህ ብቻ ሊቀረው ይችላል።

ጸሐፊው የግል ኮሌጅ ከሆነ ኢን-ስቴት መሆን ዋጋ የለውም ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው፤ ጋውቸር ለሜሪላንድም ለቴክሳስም የሚጠይቀው ክፍያ አንድ ነው። ግን የግዛቱ የገንዘብ ድጋፍ ግዛቱ ውስጥ ላለ የግል ኮሌጅም ይሠራል። ገቢያቸው ዝቅ ላለ ቤተሰቦች በሃዋርድ ሮሊንግስ ስም የተሰየሙት ድጋፎች ልጁ ሁድም ገባ ማክዳንኤል ይከተሉታል። ፔንስልቬንያ ከተሻገረ ይቀራሉ። ፋፍሳውን (የፌዴራሉን የትምህርት ድጋፍ ማመልከቻ) እስከ ማርች 1 መሙላት ነው የሚጠበቅባችሁ። ብዙ ሐበሻ በዚች ቀን ነው የሚቀደመው። «ታክሱ ገና አልተሠራም» እያልን እንጠብቃለን። ፋፍሳ የሚጠይቀው ደግሞ ያለፈውን ሳይሆን የካቻምናውን ታክስ ነው! አሌክሳንድሪያና ፌርፋክስ ያላችሁ ደግሞ ሌላ ዕድል አላችሁ። ቨርጂኒያ ውስጥ ወዳለ የግል ኮሌጅ ለሚገባ ነዋሪ፣ ግዛቱ ገቢ ሳይጠይቅ በዓመት 5 ሺህ ዶላር አካባቢ ይሰጣል። እኛ ሜሪላንዶች ይሄ የለንም። ወንዙን መሻገር ብቻ ይሄን ያህል ይለውጣል።

ስለ ሕክምናው። ጸሐፊው ሐኪም መሆን የሚፈልግ ልጅ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ካልገባ አይሆንለትም ይላሉ። የሕክምና ትምህርት ቤቶች የተለየ ሜጀር አይጠይቁም። ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ በላቦራቶሪ የተማረ፣ በኤምካት፣ ማለትም በሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና፣ ጥሩ ያመጣ ልጅ ይፈልጋሉ። ፈተናው ራሱ ከ2015 ጀምሮ ሥነ ልቦናና ማኅበራዊ ሳይንስ ጨምሯል። ከአስተማሪ የምስክርነት ደብዳቤም ይፈልጋሉ። ሦስት መቶ ልጅ የሚቀመጥበት አዳራሽ ውስጥ ጀርባ የተቀመጠችን ልጅ ማን ያውቃትና ይጽፍላታል? የእኔ ልጅ ዓይን አፋር ናት። ካልጠሯት አትናገርም። አሥራ አምስት ልጅ ያለበት ክፍል ውስጥ ዓይን አፋር ሆኖ መደበቅ አይቻልም።

እዚህ ላይ ግን ለጸሐፊው ፍትሕ ላድርግ። ባልቲሞር አጠገብ ያለው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ፣ ዩኤምቢሲ፣ ትንሽ ኮሌጅ አይደለም። ቢሆንም ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ማየርሆፍ በሚባለው ፕሮግራሙ ብዙ ጥቁር ተማሪዎችን ለሳይንስ ዶክትሬት አብቅቷል። ልጃችሁ እዚያ ፕሮግራም ውስጥ ከገባ የእኔን ጽሑፍ እጠፉት። በሌላ በኩል ደግሞ ሴንት ጆንስን የመረጠ ልጅ ሐኪም መሆን ቢያምረው፣ የሳይንስ ኮርሶቹን ከተመረቀ በኋላ ሌላ ቦታ መጨመር አለበት። «ሁሉም ያው» ካልን ይሄን ማን ይነግረዋል?

«ይዘጋሉ» የሚለው ከጽሑፉ ሁሉ ጠንካራው ነው። እውነት አለው። አላባማ ውስጥ ከ1856 ጀምሮ የነበረው በርሚንግሃም-ሳውዘርን በ2024 ተዘጋ። በዚያው ዓመት ፊላዴልፊያ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዚ አርትስ ለተማሪዎቹ አንድ ሳምንት ብቻ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በሩን ዘጋ። በአሜሪካ የሚወለደው ሕፃን ቁጥር ከ2007 በኋላ እየቀነሰ ስለመጣ ወደ ኮሌጅ የሚመጣውም ልጅ ይቀንሳል። ጸሐፊው ይሄን ማንሳታቸው ተገቢ ነው።

ሁሉንም በአንድ ሙቀጫ መውቀጣቸው ላይ ነው የማልስማማው። ከመዘጋት በፊት የሚመጣ ነገር አለ፤ ትምህርት መቁረጥ። ጋውቸር በ2018 ሒሳብና ፊዚክስን ጨምሮ በርካታ ሜጀሮችን እንደሚያቆም አስታውቆ ነበር። ማክዳንኤልም በ2019 ሙዚቃን፣ ፈረንሳይኛንና ጀርመንኛን የመሳሰሉትን ቀንሷል። ይሄን የማነሳው ለመክሰስ አይደለም። ሁለቱም ኮሌጆች ዛሬም ቆመው ያስተምራሉ፤ መቁረጣቸውም ምናልባት ለዚያ ረድቷቸዋል። ግን ፊዚክስ የሚወድ ልጅ ያለው ወላጅ «ኮሌጁ ይኖራል ወይ?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ «ፊዚክሱ ይኖራል ወይ?» ቢል ይሻለዋል።

በዚያ ዓመት የገባኝ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ትንሽ ኮሌጅ መምረጥ ማለት አራት አምስት አስተማሪ መምረጥ ማለት ነው። ልጁ አራት ዓመት የሚኖረው ከነሱ ጋር ነው። እነሱ ጥሩ ከሆኑ ኮሌጁ ጥሩ ነው። አንዱ ከታመመ ወይ ለቆ ከሄደ ደግሞ ትምህርቱ ሩቡን አጣ። በእኛም ደርሷል። የልጄ ክፍል አራት ቋሚ አስተማሪዎች ነበሩት። አንዷ ለአንድ ዓመት የምርምር ዕረፍት ወጣች። ልጄ ለመመረቅ የምትፈልገው ኮርስ በዚያ ዓመት ሳይሰጥ ቀረ፤ ሦስት ሴሚስተር ጠብቃ ወሰደችው። ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ብትሆን ሌላ ሰው ያስተምረው ነበር። ይሄን ለጸሐፊው በነጻ ሰጠኋቸው፤ እሳቸው ያላነሱት ነገር ነው።

ስለዚህ ካምፓስ ስትጎበኙ የሚያስጎበኘው ልጅ ወደ ጂሙ ሲወስዳችሁ «ቆይ፣ ዲፓርትመንቱን አሳየን» በሉት። ስንት ቋሚ አስተማሪ አለ? ባለፈው ዓመት በዚህ ሜጀር ስንት ልጅ ተመረቀ? የትኛው ኮርስ በሁለት ዓመት አንዴ ነው የሚሰጠው? እኔ ይሄን ስጠይቅ ልጄ በኀፍረት ልትሞት ነበር። አንድ ቦታ ግን አንድ ፕሮፌሰር ቢሮውን ከፍቶ ለአርባ ደቂቃ አናገረን። ሌላ ቦታ ወረቀት ሰጥተው ሸኙን። ምርጫችን እዚያው ተጀመረ።

የቀረው የሐበሻው ነገር ነው። ጸሐፊው ልጆቻችን እነዚህ ኮሌጆች ውስጥ አማርኛቸውንም ሃይማኖታቸውንም ያጣሉ ይላሉ። ልቤን የነካው ይሄ ነው። ኮሌጅ ፓርክ (ትልቁ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ) ወይም ሞንትጎመሪ ኮሌጅ የገባ ልጅ ካፌ ውስጥ አማርኛ ይሰማል። ቼስተርታውን ውስጥ አይሰማም። ሴንት ሜሪስ ሲቲ ድረስ ሜትሮ የለም፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ ሁለት ሰዓት ገደማ መንዳት ነው፤ ዋልዶርፍ ላይ መንገዱ ከተጨናነቀ ደግሞ ከዚያም በላይ። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ደርሶ መመለስ የሚታሰብ አይደለም።

ግን እስቲ በሐቅ እንነጋገር። ልጄ አሥራ ስምንት ዓመት ሲልቨር ስፕሪንግ ኖራ፣ አማርኛ ስንጠይቃት በእንግሊዝኛ ነበር የምትመልሰው። እዚያ ከሄደች በኋላ ነው ደውላ «እማዬ፣ ሽሮ እንዴት ነው የሚሠራው?» ያለችኝ። በሁዳዴ የካፌው የቪጋን ጠረጴዛ አዳናት፤ ጓደኞቿ «ቪጋን ሆንሽ እንዴ?» ሲሏት ጾም ምን እንደሆነ ማስረዳት ነበረባት። እዚህ ማንም ጠይቋት አያውቅም። እንጀራ በፍሪዘር ቦርሳ ይዛ ትሄዳለች። ዶርሙ ውስጥ ሦስት ሐበሾች አሉ፤ ሁለቱ አማርኛ አይችሉም፤ ምስር ወጥ ሲሞቅ ግን ሦስቱም ይሸታቸዋል። ይሄ በሁሉም ልጅ ላይ ይሠራል አልልም። ብቸኝነት የሚከብደው ልጅ አለ፤ ልጁን የሚያውቀው ወላጁ ነው። ሩቅ ሄዶ የጠፋ ልጅ እንዳለ ሁሉ፣ ቤቱ ተኝቶ እያደረ የጠፋም አለ።

ጸሐፊው በሙሉ ልክ የሆኑበትን ቦታ ስደርስበት እናገራለሁ ብዬ ነበር። ኢንጂነሪንግ ነው። ሜካኒካል ኢንጂነር መሆን የሚፈልግ ልጅ እነዚህ ኮሌጆች ውስጥ ዲግሪውን አያገኝም። ሦስት ዓመት እዚህ፣ ሁለት ዓመት ሌላ ዩኒቨርሲቲ የሚባል መንገድ አለ። ረጅም ነው፣ ውድ ነው፤ የጀመረው ሁሉም አይጨርሰውም። ኮሌጅ ፓርክ በኢን-ስቴት ዋጋ ቅርባችን እያለ ያንን መምከር አይገባም።

የእኔ ወንድ ልጅ አሥራ አንደኛ ክፍል ነው። የሣር ማጨጃችንን ሁለት ጊዜ ፈታትቶ አንዴ ገጥሞታል። የፊታችን ቅዳሜ ኮሌጅ ፓርክን ልንጎበኝ ነው። ጸሐፊው እዚያ አካባቢ ከሆኑ ቡናው በእኔ ነው።